የጠርሙስ ልደት

አንባቢ ሆይ፣ ከሻሂ ቤት ተቀምጠው ለስላሳ መጠጥ ሲያዝዙ፣ ከመቅመስዎ በፊት ጠርሙሱን አንሥተው አገላብጠው አይተውት ያውቃሉን? ብዙዎቻችን አናየውም። የጠማው ሰው የሚፈልገው ውስጡ ያለውን ነው። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ ቆርኪውም ከመሬት ወድቆ የልጆች መጫወቻ ይሆናል። ነገር ግን በዓለም ላይ ከመጠጡ ይልቅ ጠርሙሱን፣ ከጠርሙሱም ይልቅ በላዩ የተጻፈውን ዘመን የሚወዱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች አሮጌ ጠርሙስ፣ የዛገ ቆርኪ፣ የደበዘዘ የማስታወቂያ ሰሌዳና የተቀደደ የመለያ ወረቀት ይሰበስባሉ። ሥራቸውን ከሩቅ ላየው ሰው፣ ቆራሌው መንደር ለመንደር እየዞረ ከሚያደርገው የተለየ አይመስልም። ልዩነቱ ቆራሌው ጠርሙሱን በዋጋው ሲመለከተው እነርሱ እንደ ምስክር ቆጥረው መጠየቃቸው ነው። “የተወለድኸው መቼ ነው? አባትህስ ማነው?” ይሉታል።

ይህ ጥያቄ ቀልድ ይመስላል። ዳሩ ግን መልሱን ለማግኘት የሚደረገው ምርመራ፣ ተማሪ ከታሪክ መጽሐፉ፣ ጸሐፊም ከመዝገብ ቤቱ የሚያገኘውን ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የአንድ የዝንጅብል ሶዳ የልደት ዘመን እንዴት እንደ ተመረመረ ልንነግርዎ እንወዳለን። ከዚያም ወደ ራሳችን አገር ጠርሙሶች እንመለሳለን።

በመጀመሪያ ስለ ዝንጅብል ጥቂት እንበል። ዝንጅብል በቤታችን ለሻሂ፣ ለወጥ ቅመምና ለጉንፋን መድኃኒት ይሆናል። በእኛ አገር በብዛት የሚመረተው በደቡብ፣ በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ገብቶ የብዙ ገበሬዎችን ማሳ ስላጠፋ ምርቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። የተክሉ ጥንተ መገኛ ግን እስያ ነው። ስሙም ቢሆን ከዚያው የመጣ ነው። እኛ “ዝንጅብል” የምንለው ከዐረብኛው “ዘንጀቢል” ጋር አንድ ሲሆን፣ እንግሊዞች “ጂንጀር” የሚሉት ደግሞ በግሪክና በላቲን በኩል አልፎ የደረሳቸው ነው። ሁለቱም ወደ ኋላ ሲከተሏቸው ከሕንድ ቋንቋዎች አንድ ሥር ላይ ይገናኛሉ። እንግዲህ የጎንደር ነጋዴና የለንደን ባለ ሱቅ ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ሲጠሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ዝንጅብል ከሚፈላ ውሃ ጋር የተጋባው ግን በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ በቢራ ጠመቃ ቤት ከድፍድፉ በላይ የሚያንዣብበውን ጋዝ ከውሃ ጋር የሚዋሐድበትን ዘዴ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1783 ያዕቆብ ሽዌፕ የተባለ ሰው በጄኔቫ ከተማ ይህንኑ ጋዝ ያለበት ውሃ ለንግድ ማቅረብ ጀመረ። በእንግሊዝ አገር ከዚህ አስቀድሞ ዝንጅብልን ከስኳርና ከእርሾ ጋር አብላልቶ የሚጠጣ የቤት መጠጥ ነበረ፤ ይህም እንደ ጠላችን እየፈላ ጥቂት የሚያሰክር ነው። ጋዙ በመሣሪያ የሚገባበት፣ የማያሰክረውና ጠራ ያለው የዝንጅብል ሶዳ የተገኘው ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል በአየርላንድ አገር በቤልፋስት ከተማ ነው ይባላል። ቶማስ ጆሴፍ ካንትሬል የተባለ መድኃኒት ቀማሚ “የፈጠርኩት እኔ ነኝ” ብሏል። መጠጡን ይሸጥለት የነበረው የግራታን ኩባንያም “የዝንጅብል ሶዳ የመጀመሪያ ሠሪዎች” የሚለውን ቃል ከጠርሙሱ አካል ላይ በጉልህ አስቀርጾ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ ይበሉ። ጠርሙስ ከጥንት ጀምሮ መጠጥ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን ክርክርም ይሸከም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። በአሜሪካ አገር፣ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ በዲትሮይት ከተማ “ቨርነርስ” የሚባል የዝንጅብል ሶዳ አለ። በከተማው ሰው ዘንድ ይህ መጠጥ እንደ ቤተ ዘመድ የሚቆጠር ነው። ልጅ ሆዱን ሲያመው ሞቅ አድርገው ይሰጡታል፤ ከበረዶ ወተት ጋር ቀላቅለውም ይጠጡታል። በጠርሙሱ ላይ “ከ1866 ጀምሮ” የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ስለ ልደቱም የሚነገር የሚያምር ታሪክ አለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጄምስ ቨርነር የተባለ ወጣት በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ዝንጅብልና ሌላ ቅመም እየቀላቀለ አዲስ መጠጥ ለማግኘት ይሞክር ነበር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ወጣቱም የቀመመውን ባሉጥ ከሚባለው እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ አሽጎ ወደ ጦር ሜዳ ዘመተ። ከ4 ዓመት በኋላ ተመልሶ በርሜሉን ቢከፍተው፣ ቅመሙ ከእንጨቱ ጋር ኖሮ ኖሮ ከገመተው ሁሉ የላቀ ጣዕም አግኝቶ ቆየው። ከዚህ የተነሣ ኩባንያው “4 ዓመት በእንጨት የቆየ” የሚለውን ቃል ለብዙ ዘመን መፈክሩ አድርጎ ኖረ።

ይህን የመሰለ ታሪክ ማን ይጠላል? ጦርነት አለበት፤ ወጣትነት አለበት፤ መመለስ አለበት፤ ትዕግሥትም በመጨረሻ ይካሳል። እኛም ብንሆን ጠጅ ሲቆይ እንደሚሻል ስለምናውቅ ልባችን ቶሎ ይቀበለዋል። ነገር ግን የጠርሙስ ሰብሳቢዎችና የከተማው ታሪክ ተመራማሪዎች ታሪኩ ጣፋጭ ስለ ሆነ ብቻ አልተቀበሉትም። መልካም ተማሪ እንደሚያደርገው ወረቀትና እርሳስ አንሥተው መቁጠር ጀመሩ።

መጀመሪያ ዘመኑን እንቁጠር። ቨርነር ያገለገለበት 4ኛው የሚሺጋን ፈረሰኛ ጦር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1862 ነው። የተበተነው ደግሞ በ1865 በሐምሌ ወር መጀመሪያ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ 3 ዓመት እንኳ አይሞላም። 4 ዓመት ይሞላ ዘንድ በርሜሉ እስከ 1866 መዘጋት ነበረበት። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ወጣቱ ከዘመቻ ከተመለሰ በኋላ ያንን የናፈቀውን በርሜል አንድ ዓመት ያህል ሳይከፍት ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ሊሆን አይችልም አይባልም። ነገር ግን ቁጥሩ ከታሪኩ ጋር ጥቂት እንደ ተጣላ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ምርመራው እንዲቀጥል ያስገድዳል።

ሁለተኛው ምስክር ከቤተ ሰቡ ወጣ። የጄምስ ቨርነር ልጅ፣ እርሱም እንደ አባቱ ጄምስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ተጠይቆ ሲናገር፣ አባቱ ቅመሙን ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ መሆኑን ገልጿል። ልጅ የአባቱን ክብር ከፍ የሚያደርገውን ታሪክ ትቶ ዝቅ የሚያደርገውን ሲናገር፣ ቃሉ ክብደት አለው። ሰው በራሱ ጥቅም ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ከሁሉ ይልቅ የሚታመን መሆኑን በፍርድ ቤት የሚሠሩ አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ሦስተኛው ምስክር ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኩባንያው የንግድ ምልክቱን ለማስመዝገብ ለአሜሪካ መንግሥት ማመልከቻ አቀረበ። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ማመልከቻ የሚያቀርብ ሰው፣ ምልክቱ መጀመሪያ ለንግድ የዋለበትን ጊዜ በመሐላ ቃል ማስታወቅ አለበት። በዚያ ማመልከቻ ላይ የተጻፈው ዘመን 1866 አልነበረም። 1880 ነበር። በማስታወቂያ ላይ አንድ ዘመን፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ ሌላ ዘመን ተገኘ። በመካከላቸውም 14 ዓመት አለ።

አንባቢ ሆይ፣ “እንግዲያውስ ኩባንያው ዋሽቷል” ለማለት አይቸኩሉ። እዚህ ላይ ነው የሰብሳቢዎቹ ትምህርት የሚጠቅመን። ስለ አንድ ነገር ልደት ስንጠይቅ፣ ሳናውቀው ሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን በአንድ ቃል እየጠየቅን ነው። ሰው መጀመሪያ ከእናቱ ማኅፀን ይወለዳል። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ተነሥቶ ስም ያገኛል። ከዚያም በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስሙና ዕድሜው በመንግሥት መዝገብ ይጻፋል። ጠርሙስም እንዲሁ ነው። ቅመሙ በባለሙያው አእምሮ የተፀነሰበት አንድ ቀን አለ፤ መጠጡ በስሙ ለገበያ የወጣበት ሌላ ቀን አለ፤ ምልክቱም በሕግ የተመዘገበበት ሦስተኛ ቀን አለ። ጄምስ ቨርነር ከዘመቻ ተመልሶ በዲትሮይት ዉድዋርድ በሚባለው ጎዳና የራሱን መድኃኒት ቤት እንደ ከፈተ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1896 መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ሙሉ ጊዜውን ለሶዳው እንደ ሰጠ የታወቀ ነው። እነዚህን ቀኖች ሁሉ በአንድነት ጨፍልቆ “ከ1866 ጀምሮ” ማለት ለነጋዴ ይመቻል። ለታሪክ ጸሐፊ ግን አይበቃም።

ወረቀት በማይገኝበት ጊዜ ሰብሳቢዎች ዕቃውን ራሱን ይመረምራሉ። ይህም የራሱ ሥርዐት አለው። እንደ ዕንቁላል ቂጡ የሾለ ወይም ክብ የሆነ ጠርሙስ ቢያዩ፣ ይህ ቡሽ ይወተፍበት የነበረ የድሮ የሶዳ ጠርሙስ ነው ይላሉ። እንዲህ የተሠራው መቆም እንዳይችል ተብሎ ነው። ጠርሙሱ ሲጋደም ቡሹ ሁልጊዜ ርጥብ ስለሚሆን አይደርቅም፤ ጋዙም አያመልጥም። በአንገቱ ውስጥ የልጆች ብይ የመሰለ የመስተዋት ድቡልቡል ቢገኝበት፣ ኮድ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለ መብትነት ወረቀት ካገኘበት ሥራ በፊት ሊሆን አይችልም። በአፉ ዙሪያ ዛሬ የምናውቀውን ቆርኪ ለመያዝ የተሠራ ከንፈር ቢኖረው፣ ዊልያም ፔይንተር ቆርኪን ካስመዘገበበት ከ1892 ወዲህ ነው። የቅርጹ መገጣጠሚያ መሥመር ከታች ተነሥቶ እስከ አፉ ጫፍ ከደረሰ ደግሞ በእፍ አልተነፋም፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ማይክል ኦዌንስ በፈጠረው ዐይነት መኪና ተሠርቷል ማለት ነው። ጽሑፉም ይናገራል። የቨርነር ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በስሙና በመጨረሻው ፊደል መካከል ትንሽ ምልክት ነበረችው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው ምልክቷን ስለ ተዋት፣ ሰብሳቢ በዚያች ነቁጥ በምታህል ነገር ብቻ የአባቱን ዘመን ጠርሙስ ከልጁ ዘመን ይለያል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ “ከዚህ ዘመን በፊት አይደለም” ይላሉ እንጂ “በዚህ ዘመን ነው” አይሉም። ጠርሙስ ዕድሜው ረጅም ነው። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። የቢራው ጠርሙስ ዘይት ይቀዳበታል፤ የውስኪው አረቄ ይያዝበታል፤ ሌላው ለላምባ፣ የተከበረውም ለጠበል ይሆናል። በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ጠርሙስ ከገበያ ያየ ሰው፣ ውስጡ ያለው አረቄ ባለፈው ሳምንት የወጣ፣ ጠርሙሱ ግን ከሻጪቱ በዕድሜ የሚበልጥ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ የዕቃው ዘመንና የውስጡ ዘመን አንድ ናቸው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እኛም የምንመካበት ጠርሙስ አለን። አምቦ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የኖረ ሲሆን፣ ስሙ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ጋዝ ያለበትን ውሃ ሁሉ “አምቦ ውሃ” ብለን እስከ መጥራት ደርሰናል። የዲትሮይቱ ሶዳ ጋዙን የሚያገኘው ከመሣሪያ ነው። የአምቦው ግን ምድር ራሷ የቀመመችው ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ዘመን የተረፈው የምድር ሆድ ጋዙን ከውሃው ጋር አዋሕዶ ያወጣዋል። እዚህ ላይ ሦስቱን ልደቶች እንደገና እናገኛቸዋለን። ምንጩ መቼ እንደ ፈለቀ ሰው አይቆጥረውም፤ ጠርሙሱ ግን ዘመን አለው፤ የንግድ ምልክቱም የራሱ ሌላ ዘመን አለው። “አምቦ የ1930 ነው” ስንል የጠርሙሱን እንጂ የምንጩን ልደት አልተናገርንም።

በእኛ አገር ደግሞ ፈረንጆቹ የሌለባቸው ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። 1930 ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ስንት ይሆናል? ተማሪ ቶሎ ብሎ 8 ይቀንስና 1922 ይላል። ሌላው 7 ይቀንስና 1923 ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ 8 ይቀነሳል፤ ከእኛ አዲስ ዓመት በኋላ ግን 7 ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1930 ሲሆን፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1930 በሚያዝያ ወር የሆነ ነገር ግን በ1922 ዓ.ም. ይጻፋል። ወሩ ሳይታወቅ ዘመኑ ብቻ ከተጻፈ፣ ተርጓሚው ቢወድም ቢጠላም በአንድ ዓመት ሊሳሳት ይችላል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመበትን 1922 እ.ኤ.አ. ስንመልስም ይኸው ጥያቄ ይገጥመናል፤ 1914 ወይስ 1915? ስለዚህ ዘመን የሚጽፍ ሰው ሁሉ የማንን አቆጣጠር እንደ ተከተለ፣ ቢቻልም ወሩን ጨምሮ ይጻፍ። “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” ለመጻፍ ጥቂት የቀለም ጠብታ ብቻ ያስፈልጋል። ሳይጻፍ ቢቀር ግን ከ100 ዓመት በኋላ የሚመጣው መርማሪ ወራት ይፈጅበታል።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። የአምቦ ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን “ሀገረ ሕይወት” ትባል ነበር። “አምቦ” የሚለውን ብቻ ይዞ መዝገብ የሚፈልግ ሰው በ“ሀገረ ሕይወት” የተጻፈውን ሁሉ አልፎት ይሄዳል። ሦስተኛው ችግር የባለቤትነት መለዋወጥ ነው። በጥር ወር 1967 ዓ.ም. መንግሥት አያሌ ፋብሪካዎችን ሲወርስ፣ በኋላም ፋብሪካዎች ወደ ግል ሲዛወሩ፣ መኪናውና ሕንፃው በቆጠራ ተረክቧል። አሮጌው ደብዳቤ፣ የመጀመሪያው የመለያ ወረቀትና የደንበኞች ደብተር ግን ብዙ ጊዜ በቆጠራ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። የንግድ ምልክትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 501 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባለ ምልክቶች በጋዜጣ ማስጠንቀቂያ እያወጡ “ይህ ምልክት የእኛ ነው” ይሉ ስለ ነበር፣ ያንን ዘመን የሚመረምር ሰው የጋዜጣውን የመጨረሻ ገጾች ሳይንቅ ማገላበጥ አለበት። ለዚህም በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደጃቸው ክፍት ነው።

“ይህ የአዲስ አበባ ሰው ሥራ ነው፤ እኛ በሐሙሲት፣ በደብረ ታቦር፣ በወረታ ያለነው ምን እናድርግ?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ጋፋት ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ቨርነር በርሜሉን ከፈተ በሚባልበት በዚያው በ1866 እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ኰረብታ ላይ አውሮፓውያኑን ባለ እጆች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር አሰማርተው የመድፍ ሥራ ያሠሩ ነበር። በሚከተለው ዓመት ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ተሠራ፤ ክብደቱም 7 ቶን ያህል ነው። ስለዚህ ሥራ ዘመኑን ለይተን ልንናገር የቻልነው ሁለት ምስክሮች ስላሉ ነው። አንደኛው በዚያ የነበሩት ሰዎች የጻፉት ደብዳቤና ማስታወሻ ነው፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ያለው መድፉ ራሱ ነው። ወረቀቱ ባይኖር መድፉ ዘመኑን አይናገርም ነበር፤ መድፉ ባይኖር ወረቀቱ ተረት ይባል ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ተከራካሪ የለም። እንግዲህ የምርመራው ሥርዐት ለንጉሥ መድፍና ለሶዳ ጠርሙስ አንድ ነው።

መድፉ ትልቅ ስለ ሆነ ማንም አልጣለውም። ትንንሹ ነገር ግን በየቀኑ ይጣላል። እንደ ሐሙሲት ባለች፣ ስሟ ራሱ ሐሙስን በሚያስታውስ የመንገድ ዳር ከተማ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መኪና ሁሉ አንድ ነገር ጥሎ ሄዷል። የመጀመሪያው የለስላሳ ሳጥን መቼ ወረደ? የትኛው ቡና ቤት አስቀድሞ ማቀዝቀዣ አስገባ? ከዚያስ በፊት መንገደኛው ጠላና ጠጅ ካልፈለገ ምን ይጠጣ ነበር? ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዛሬም አሉ። ነገ ግን የሉም። የጻፈላቸው ከሌለ፣ ልጆቻቸው ደስ የሚል ተረት ፈጥረው “ከዚህ ዘመን ጀምሮ” ብለው በሰሌዳ ላይ ይጽፉበታል፤ የሚያርም ወረቀትም አይገኝም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለመጀመር የሚያስፈልግዎ አንድ ደብተር ብቻ ነው። ወደ ሽማግሌው ሲሄዱ “በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?” ብለው አይጀምሩ፤ ቁጥር ሲጠየቅ ሰው ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት ሲል ይገምታል። ይልቁንም “አባቴ፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው በደርግ? መሬት ላራሹ ከመታወጁ በፊት ነው በኋላ? በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ቤቱ ተከፍቶ ነበር?” ብለው ይጠይቁ። ሰው ዘመንን የሚይዘው በደረሰበት ነገር ነው። ያገኙትንም ከሌላ ሰው ቃል ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ይጻፉ እንጂ ያማረውን መርጠው ሌላውን አይተዉ። የተናገረውን ሰው፣ የተነገረበትን ቀንና ቦታ ይጨምሩበት። ከአሮጌ ደረሰኝ፣ ከንግድ ፈቃድ ወይም ከፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ያለ ጽሑፍ ቢገኝ፣ ባለቤቱን አስፈቅደው ይቅዱት፤ ዋናውን ግን ከቤቱ አያውጡት።

በመሥሪያ ቤት ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህ ነገር ከጠርሙስም በላይ ይነካቸዋል። የልደት ምዝገባ በመላ አገራችን በመንግሥት መዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን ዕድሜያችን ከትምህርት ቤት ካርድ፣ ካርዱም ከወላጅ ግምት የመጣ ነው። ሰው ለትምህርት ሲገባ አንድ ዕድሜ፣ ሲቀጠር ሌላ ዕድሜ ተጽፎለት፣ የጡረታ ቀኑ ሲደርስ ሁለቱ ወረቀቶች ይጣላሉ። የዲትሮይቱ 14 ዓመት ልዩነት ማንንም እንጀራ አልነሣም። በአንድ ሽማግሌ ማኅደር ውስጥ የተፈጠረ የ2 ዓመት ልዩነት ግን የአንድን ቤት እንጀራ ሊያዘገይ ይችላል። ለጸሐፊው ቁጥር የሆነው ነገር ለባለ ጉዳዩ ኑሮው ነው። እንግዲህ ከፊትዎ ያለውን ቅጽ ሲሞሉ፣ ይህ ዘመን ከማን ቃል ወይም ከየትኛው ወረቀት እንደ ተገኘ አንድ መሥመር ይጻፉበት። አሮጌ ማኅደር እንዲወገድ ሲታዘዝም፣ ከመወገዱ በፊት ከፍተው ይዩት።

ቨርነርስ ዛሬም ይጠጣል፤ በጠርሙሱም ላይ 1866 እንደ ተጻፈ ነው። የ1911ዱ ማመልከቻም ሆነ የልጁ ቃል መጠጡን አልጎዳውም፤ ጣዕሙን የሚወድ ሰው እውነቱን ከሰማ በኋላም ይወደዋል። ይህ ለእኛም ማስተማሪያ ይሁን። የምንወደውን ነገር ትክክለኛ ዕድሜ ማወቅ ክብሩን አይቀንስበትም። አባቶቻችን “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን እንዲጠራ አሻራው መቆየት አለበት። ለሚመጣው የገበያ ቀን ደብተርዎን ይዘው ይውጡ፤ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብም ተቀምጠው ይጠይቁ።